በረዶው የጋራ፣ ነፍስ የግል

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ሰው ለነፍሱ የሚጠየቀው ብቻውን ነው። ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ የሚናዘዘው ለብቻው፣ የተሰጠውን ቀኖና የሚፈጽመው ለብቻው፣ በፍርድ ቀን የሚቆመውም ለብቻው ነው፤ ወንድም ስለ ወንድሙ፣ ባል ስለ ሚስቱ አይመልስም። በአማራ ክልል በጉና ተራራ ዙሪያና ከዚያ ወዲያ በተዘረጉት የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ መንደሮች ግን ከዚህ ትምህርት ጎን ሌላ ሒሳብ አብሮ ይኖራል። አንድ ገበሬ በማርያም ቀን በሬ ቢጠምድ በረዶው የእሱን ማሳ ለይቶ አይመታም፤ የሰፈሩን አዝመራ በሙሉ ያጠፋል ተብሎ ይታመናል። የአንዱ ጥፋት የሁሉም ዕዳ ከሆነ ጎረቤት የጎረቤቱን ውሎ የመቆጣጠር መብት አገኘ ማለት ነው። ማኅበራዊ ጫና በዚህ አገር ሥር የያዘው በእነዚህ ሁለት ሒሳቦች መካከል ነው።

በረዶው ራሱ ተረት አይደለም። የጉና ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል፤ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫም ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ደጋ የክረምት በረዶ የገብሱንና የባቄላውን እሸት በአንድ ከሰዓት በኋላ ያረግፈዋል፤ ዳግመኛ የሚዘራበት ጊዜም አይኖርም። ስለዚህ በየወሩ የሚውሉት በዓላት፣ አቦ በ5፣ ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29፣ ከቅዳሜና ከእሑድ ጋር ቀንበር የሚሰቀልባቸው ቀናት ሆነው ይከበራሉ። ሁሉም አጥቢያ ሁሉንም እኩል አያጠብቅም፤ የራሱን ደብር ታቦት ቀን ከሌላው አስበልጦ ያከብራል። በእነዚህ ቀናት ማረስ፣ ማጨድና መውቃት ክልክል ነው። ገበያ መውጣት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሽምግልና መቀመጥ፣ መሟገት ግን አያስነውርም። ልብ ብሎ ላየው፣ አጥብቆ የሚያስወቅሰው ከማዶ የሚታየው ሥራ ነው። በጓዳ የሚሠራውን ሰማይ ብቻ ያየዋል፤ ተረተር ላይ የሚያርሰውን ግን ከሰማይ በፊት ጎጡ ያየዋል።

በዓል የሻረ ሰው በመጀመሪያ ይመከራል፤ ቢደግም ሽማግሌ ይቀጣዋል። እምቢ ካለ ሰው ይርቀዋል፤ እሳት የሚጭርበት፣ ዕቃ የሚዋስበት ቤት ያጣል። በረዶ ባልወረደበት ዓመት ጉዳዩ በዚሁ ይረሳል። በወረደበት ዓመት ግን ጥፋተኛው ይፈለጋል፤ ብዙውን ጊዜም ቀድሞውኑ ዓይን ውስጥ የገባ ሰው ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ በሃይማኖት ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአማራው አገር የታወቀው አውጫጭኝም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ ሌባው ወይም ቤት ያቃጠለው ሰው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፣ የሚያውቅ እንዲያወጣ ይማማላል፣ እስኪወጣ ድረስም ሥራ ፈቶ ይመላለሳል። ያልሰረቀው ከሰረቀው እኩል የሥራ ቀኑን ያጣል። የእስር ቤትና የፖሊስ ወጪ ለሌለው ገጠር ርካሽ የፍትሕ መንገድ ነበር፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሳያጠፋ የሚጠረጠረው ሰው ነው።

ጫናው በእምነት ብቻ ቢቆም ኖሮ ብዙ ሰው በቀለለው ነበር። የሚከብደው ከበሬ ጋር ስለተያያዘ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብቻውን ማረስ አይችልም፤ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር በመቀናጆ ይጠምዳል፣ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን እየተባባሉ ያርሳሉ። በሬ ጨርሶ የሌለው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከምርቱም ግማሹን ያጣል። አረሙና አጨዳው በወንፈልና በደቦ ይወጣል፤ ቀብሩ በእድር፣ የነፍሱ ነገር በማኅበርና በሰንበቴ ይያዛል። ባንክና ኢንሹራንስ ባልደረሰበት ቀበሌ እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲደመሩ የገበሬው መድን ናቸው። መድኑ የሚከፈለውም በገንዘብ ሳይሆን በመገኘት፣ በመምሰልና በማክበር ነው። የተለየ አሳብ ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ እውነትና ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ሐምሌ ላይ የማን በሬ ከበሬዬ ጋር ይጠመዳል የሚለው ይቀድማል።

ተዝካር ይህን ውል ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አባቱ የሞተበት ሰው በ40 ቀን ወይም በዓመቱ ደግሶ ካህናትን፣ ነዳያንንና ጎረቤትን ማብላት ይጠበቅበታል። ሴቶቹ ሳምንታት ቀደም ብለው ጌሾ ይወቅጣሉ፣ ብቅል ያበቅላሉ፣ ጋን ያጥናሉ፤ ወንዶቹ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ዳስ ይጥላሉ። እህሉ ካልበቃ ብድር አለ፤ ብድሩ ካልበቃ በሬው ገበያ ይወጣል። የተሸጠው በሬ ደግሞ መቀናጆውን ያፈርሳል። ገበሬው የአባቱን ተዝካር ባያወጣ በሰው ዘንድ ይወድቃል፣ ቢያወጣ በሚቀጥለው ክረምት የሚጠምደው ያጣል። ይህን ከሩቅ የሚያይ ሰው ብክነት ይለዋል። ቀርቦ ሲታይ ግን ሰውየው የሚያሰላው ነገር አለው፤ አንድ በሬ ያጣ ሰው የሚያርስለት ዘመድ ሊያገኝ ይችላል፣ ስሙን ያጣ ሰው ግን በሬ ኖሮትም ተቀናጅ አያገኝም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ጽሑፍ ያሳየውም ይህንኑ ነው፦ ለግለሰቡ ኪሳራ የሆነ ልማድ ብዙ ሰው እስካመነበት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል፤ የሚጥሰው ሰው ልማዱን በመጣሱ ከሚያተርፈው የበለጠ በስሙ ይከስራልና። በርግጥ ሁሉም እኩል አይከስርም። ባለጸጋው ተዝካር ቢያስቀር ቁጥብ ይባላል፤ ድሀው ቢያስቀር አባቱን የረሳ ይባላል።

ከዚህ ጋር የማይስማማ የሚመስል አንድ የቆየ አስተያየት አለ። ምሁሩ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለ መጽሐፉ አማራውን በግለኝነቱ ጠንካራ፣ በጋራ ድርጅቱ ደካማ አድርጎ ሥሎታል። አለን ሆበንም ስለ ዳሞት የርስት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት የሚታየው ገበሬ ከዘመዶቹ ጋር ያለ ዕረፍት የሚሟገት ሰው ነው። በርስት ሥርዓት ማንም በአባቱም በእናቱም ወገን ቆጥሮ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ድርሻ መጠየቅ ይችል ስለነበር፣ መሬት የሚገኘው በዘመድ፣ የሚነጠቀውም በዘመድ ነበር። ምልከታቸው ስሕተት አይደለም፤ ግን ግለኝነቱ ገበሬውን ከጫናው አላወጣውም። ሙግት ምስክር ይፈልጋል፣ ምስክር ደግሞ ሰው አክባሪነትን ይፈልጋል፤ ከሰው ሁሉ የተጣላ ባለ ርስት ርስቱን የሚመሰክርለት አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የዘመድ ሥልጣን ወደ ገበሬ ማኅበር ተላለፈ፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግም ማን መሬት ይቀነስበት፣ ማን ይሰጠው የሚለው በቀበሌ ስብሰባ ተወሰነ። የሰው ድርሻ አሁንም የሚለካው ጎረቤቶቹ በሚቀመጡበት ሸንጎ ፊት ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን ያቀፈው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ይህንኑ ሸንጎ ወረሰ። የተረጂዎች ምልመላ የሚካሄደው በማኅበረሰቡ ነው፤ ስም ይነበባል፣ የበሬና የበግ ቁጥር ይጠራል፣ የሚቃወም ይጠየቃል። በወረቀት ላይ ጥሩ አሠራር ነው፣ ከቢሮ ሆኖ ድሀን መለየት የሚችል የለምና። በስብሰባው ላይ ግን ዝም የሚሉ አሉ። ጎረቤቱ ሁለት በሬ እንዳለው እያወቀ የማይናገር ገበሬ ነገ ወንፈል እንደሚፈልገው ያስባል፤ ከማንም በላይ የሚገባት ባልቴት እጇን ለማውጣት ታፍራለች። ቲሙር ኩራን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ በልብ ያለውን ሸሽጎ ሰው የሚወደውን መናገር እንዴት አንድን አገር በሙሉ እንደሚያሳስት ጽፏል። እሱ የጻፈው ስለ ትልልቅ አብዮቶችና ስለ ሕንድ የወገን ክፍፍል ቢሆንም ነገሩ በአንድ ጎጥ የምልመላ ስብሰባም ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ ጫናው በሴቶች ልጆች ላይ ይበረታል። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። በገጠሩ ግን ጡቷ ያጎጠጎጠ ልጅ ሽማግሌ ሳይላክላት ዓመታት ካለፉ ቆሞ ቀር ትባላለች፤ ነቀፌታው ከእሷ ይልቅ እናቷን ያስጨንቃል። ማጫ የሚቆጠረው በሁለት ቤተሰብ መካከል ስለሆነ ጋብቻው መሬትን፣ ከብትንና የወደፊት መቀናጆን ያስተሳስራል። ልጅቷ እምቢ ስትል የምትቃወመው አንድ ሰውን ብቻ አይደለም፤ ሁለት ቤቶች የተዋዋሉትን ታፈርሳለች። ሕጉ ለግለሰብ የተጻፈ ነው፣ ጋብቻው ግን በቤተሰብ ስም ይፈጸማል፤ ስለዚህም አዋጁ ወጥቶም ሠርጉ ዕድሜ እየተጨመረ ይደገሳል።

ሃይማኖቱ ራሱ ከዚህ ሁሉ የሚወጡበትን በር ያውቃል። ቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከአባቱ ቤት ሲወጣ ማንም አያስቆመውም፤ መጥፋቱ እንኳ ይመረቅለታል። ጋይንት የዚህ ዓይነት ስደተኛ መድረሻ ናት። ድጓ የሚያስመሰክር ቤተልሔም ይገባል፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚማር ዙር አምባ ይወርዳል፤ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ የመጣው ልጅ ሁሉ እዚያ ስሙ እንጂ ዘሩ አይጠየቅም። ባሕታዊውም እንዲሁ ነው። ዓለምን የናቀ ሰው ይከበራል፣ ይፈራል፣ የሚናገረው ይደመጣል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለ፦ መውጣት አለበት። ከመንደሩ ርቆ ልማድን የሚንቅ ቅዱስ ነው፤ እዚያው ተቀምጦ የሚንቀው ከሓዲ ነው። ይህ ልዩነት በመጽሐፍ የተጻፈ ባይሆንም ከማንኛውም ቀኖና ያላነሰ ተጠብቆ ኖሯል።

ሳይወጣ መለየት የፈለገ ሰው ምን ያድርግ የሚለውን ጥያቄ ከማንም በላይ ገልጦ ያነሣው «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ነው፤ የመጽሐፉ ታሪክም ከዚሁ ከጋይንት ጋር ይገናኛል። በሐተታው መሠረት ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አውራጃ ተወልዶ መጻሕፍትን ያስተምር ነበር። ካቶሊኮችና ተዋሕዶዎች በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሲፋጠጡ የሁለቱንም ትርጓሜ ሳያዳላ በማስተማሩ በሁለቱም ወገን ተጠላ፤ ተከሶ ሸሸ፤ በተከዜ በኩል በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ኋላም እንፍራዝ ወርዶ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ጽሕፈት እየጻፈ ኖረ፤ የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን አግብቶ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። ሃይማኖቶች ሁሉ እውነቱ እኔ ዘንድ ብቻ ነው ሲሉ ማን ይፈርዳል ብሎ ጠይቆ ፈራጁን ፈጣሪ የሰጠው ልቡና አደረገው። በሰው ፊት ግን እንደ ሰው ኖረ። ያሰበውን ለሕዝብ አልተናገረም፤ በእርጅናው በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና ጻፈው።

መጽሐፉ ለዓለም የተገለጠው በጋይንት ቤተልሔም ተቀምጦ ግዕዝ ይማር በነበረው የካፑቺን መነኩሴ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው፤ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ላከው፣ ዛሬም በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው አለ፤ ክሎድ ሰምነር ደግሞ የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ረጅም ክርክር አቀረበ፤ ሙግቱ እስካሁን አልተዘጋም። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሁለቱም መልስ ወደ አንድ ቦታ ያደርሳል። ደራሲው ዘርዓ ያዕቆብ ከሆነ ጎረቤቶቹን ፈርቶ አሳቡን የሸሸገ ደብተራ ነው። ጁስቶ ከሆነ የላከችውን ቤተ ክርስቲያን ፈርቶ አሳቡን በሌላ ሰው ስም የሸሸገ ሚሲዮናዊ ነው። ቤተልሔም በዚህም በዚያም፣ ሰው በአደባባይ ሊለው ያልደፈረው ነገር በጽሑፍ የተጠበቀባት ቦታ ሆና ትቀራለች።

መሸሸግ ያልፈለገውን ሰው ዕጣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለድ አሳይተዋል። ታሪኩ የጎጃም ነው፤ ጉዱ ካሳን የሚያውቅ አንባቢ ግን በእስቴና በስማዳም ያገኘዋል። ካሳ ዳምጤ የተማረና ከትልቅ ቤት የተወለደ ሰው ነው። ከማዕረጉ በታች የምትቆጠር ሴት በማግባቱና የባላባቱን ሥርዓት በመንቀፉ ጉዱ ተባለ። ስድቡ ፈቃድም ነበር፤ እብድ ነው የተባለ ሰው በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻ ፊት ሌላው የማይደፍረውን ይናገራል፣ ይሳቅበታል፣ ይታለፋል። ሕዝቡ አልቀጣውም፣ ግን አልሰማውም። ከእሱ ይልቅ በዛብህ የባሰ ዕዳ አለበት። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ስለሰጡት፣ ከባላባቱ ልጅ ከሰብለ ወንጌል ጋር ያለው ፍቅር የባላባቱን ቁጣ ብቻ ሳይሆን ራሱ ያልገባበትን ቃል ኪዳን ማፍረስን ይጠይቀዋል። ስለት በሃይማኖት ፊት ከባድ ጥያቄ ነው፦ አንዱ በሌላው ነፍስ መሳል ይችላልን? ሐዲስ በቀጥታ አይመልሱም፤ የልጁን ፀፀት ግን ቅጣት ከውጭ ሳይመጣበት በውስጡ ሲሠራ ያሳያሉ። ሰብለም ከአባቷ ቤት ስታመልጥ የምታገኘው ልብስ የመነኩሴ ነው፤ ልቦለዱም ያንኑ የተፈቀደ በር ይጠቀማል።

መደበቅ፣ መሳቂያ መሆንና መመነን ያልጣመው ሰው ከዚሁ ከእስቴ ተገኝቷል። ዙምራ ኑሩ በእስቴ ወረዳ ከሙስሊም ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ስለ ልጅነታቸው ደጋግመው የተናገሩት ሁሉ ጥያቄ ነው፦ እናቴ ከአባቴ ጋር እርሻ ውላ ስትመለስ የቤቱንም ሥራ ለምን ብቻዋን ትሠራለች? ሰው አንድ ፈጣሪ እያለው የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ተባብሎ ለምን በአንድ ገበታ አይበላም? ጧሪ ያጣ ሽማግሌ ለምን ይወድቃል? ቤተሰቡ ልጁ ታሟል አለ። በ13 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው መሰሎቻቸውን ፍለጋ ለዓመታት ዞሩ፤ በ1964 ዓ.ም. በፎገራ ወረዳ ከጥቂት ተከታዮች ጋር አውራ አምባን መሠረቱ። የዘርዓ ያዕቆብ ጥያቄ ከዙምራ ጥያቄ ጋር መመሳሰሉ ያስገርማል፤ ዙምራ መጽሐፉን አላነበቡም፣ በዚያ ዕድሜያቸው ፊደልም አልቆጠሩም።

አውራ አምባ ከላይ የተቆጠሩትን ልማዶች አንድ በአንድ ፈታ። ወንድ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች። ሠርግ ያለ ድግስ ይፈጸማል፤ ሙሽራይቱ ከ19፣ ሙሽራው ከ22 ዓመት በታች አይሆኑም። ተዝካር የለም፤ ቀብር ላይ ጥቂት ሰው ይበቃል፣ ሌላው ሥራው ላይ ይቆያል። በዓል ተብሎ ሥራ አይፈታም፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አልተሠራም፣ በአንድ ፈጣሪ ግን ይታመናል። አካባቢው ይህን በዝምታ አላየውም። በደርግ ዘመን ተከሰው፣ ተሰደው እስከ ቦንጋ ድረስ ሄዱ፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ 17.5 ሄክታር ብቻ ቀራቸው። ከ400 እስከ 500 ለሚደርስ ሰው ያ አይበቃም። ስለዚህ ወደ ሽመና ዞሩ፤ ይህ ደግሞ ሌላ ድፍረት ነው። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በዚህ አገር ቡዳ እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያሳወጁት ንቀቱ ሥር ስለሰደደ ነበር። መሬት ያጣው ማኅበረሰብ የተናቀውን ሙያ በግልጥ የጋራ መተዳደሪያ አደረገው፤ ፈትሉ፣ ድውሩና ሽመናው ወንድ ሴት ሳይለይ ይሠራል። ዙምራም በ2002 ዓ.ም. ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀበሉ፣ በልጅነት እብድ የተባለ ሰው።

በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ ዙምራ የተሳካላቸው እምነታቸው ከሌላው ስለጠነከረ አይደለም። ዘርዓ ያዕቆብ ብቻውን ነበር፣ ጉዱ ካሳም ብቻውን። ዙምራ ግን በመጀመሪያ መቀናጆ የሚሆኑትን ሰዎች ሰበሰቡ፤ የሚቀብረው፣ የሚጦረው፣ በሕመሙ ጊዜ የሚሠራለት ያገኘ ሰው የጎጡን ፊት መንሳት መቋቋም ይችላል። በዚያው ልክ አውራ አምባ የራሱ ዓይን አበጀ። ኮሚቴዎች አሉ፣ ስብሰባ አለ፣ ቅሬታ ይሰማል፣ ደንቡን የማይቀበል አባል አብሮ ሊኖር አይችልም። ይህን እንደ ግብዝነት ማየት አይገባም፤ የጋራ ጎተራ ያለው ሁሉ የጋራ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ችግሩ የሚመጣው በልጆች ላይ ነው። መሥራቾቹ የገቡት አስበው፣ ቤታቸውን ትተው፣ ዋጋ ከፍለው ነው። እዚያ የተወለደው ልጅ ግን ያለ በዓልና ያለ ተዝካር ማደጉን አልመረጠም፤ እንደ በዛብህ ስለት ባይሆንም ወላጆቹ የወሰኑለት ነው። አንድ ቀን እሱም የራሱን ጥያቄ ቢያነሣ፣ ልቡ ወደ ሰንበቴ ወይም ወደ መስጊድ ቢያዘነብል፣ እስቴ ለዙምራ ያልሰጠችውን ቦታ አውራ አምባ ሊሰጠው ይገባል፤ ካልሆነ የእሱም ምርጫ እንደ አያቶቹ አገር ልጆች ሁሉ መውጣት ብቻ ይሆናል።